ሁለት ጣት ለጤነኛ

ከሥራ የተሰናበትኩ ዕለት የተሰጠኝ ስጦታ ጃምቦ ነው። እጀታ ያለው፣ ወፍራም የድራፍት ብርጭቆ፣ ስሜ በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት። ዕድሜውን ሙሉ ድራፍት ሲቀዳ ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም ትሉ ይሆናል። የለም፤ ሰውየው በሕይወቱ አንዲት ጉንጭ ቢራ ቀምሶ የማያውቅ ጴንጤ ካልሆነ በስተቀር። ባለቤቴ መሠረት ጃምቦውን ተቀብላ አገላበጠችው፣ ስሜን አነበበችው፣ ከዚያ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ከተተችው። አሁን እርጎ እጠጣበታለሁ፤ ያውም በሩ ከተዘጋ በኋላ።

ያሰናበተኝ እርጅና ብቻ አይደለም። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት እትዬ አስቴር ቤታቸውን ለልጆቻቸው አስረከቡ፤ ልጆቹ ደግሞ የድራፍቱን ማሽን አንስተው ጠርሙስና ትልቅ ቴሌቪዥን አስገቡ። ጠርሙስ ለመክፈት እኔ አላስፈልግም፤ መክፈቻ ይበቃል። አልተቀየምኳቸውም። ግን ሰው ሲያገኘኝ ሁሉ "አንተ ጴንጤ ሆነህ እንዴት መጠጥ ቤት ኖርክ?" ስለሚለኝ፣ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

ጥፋቱ የመጀመሪያው አለቃዬ ነው። በዴሳ ውስጥ ትንሽ ባር ነበራቸው። ሠራተኞቻቸው ሁሉ ከደንበኛው በፊት እየሰከሩ ስላስቸገሯቸው አንድ ዘዴ ፈጠሩ፤ ሰው መቅጠር ሲፈልጉ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይቆማሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የሚወጣ ጎልማሳ ሲያዩ ጠጋ ብለው "ሥራ ትፈልጋለህ?" ይላሉ። እኔ ያኔ ሥራ እፈልግ ነበር። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ የነገሩኝ ሽርጡን ካስታጠቁኝ በኋላ ነው።

ከበዴሳ ወደ ቤሌ ሄድኩ። የቤሌው አለቃዬ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። በርሜሉ በዚያ መንገድ ሲንገጫገጭ ውሎ ከመኪና እንደወረደ "ክፈተው!" ይሉኛል። እከፍተዋለሁ። ከዚያ ቢራው ጣሪያውንም፣ እኔንም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለምርቃት የመጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርን አጥቧል። ደመወዙ በዚያን ጊዜ ሚዛን ክፉ አልነበረም፤ ግን በየቀኑ ቢራ ቢራ እየሸተትኩ የመዝሙር ጥናት መሄድ ስለከበደኝ ለቀቅኩ። ሶዶ መጥቼ እትዬ አስቴር ቤት ስገባ ጋሽ ዳልኬን አገኘሁ። እዚያ ነው ሥራ የጀመርኩት ብል ይቀላል፤ ከዚያ በፊት ያለው መርጨት እንጂ መቅዳት አይባልም።

ጋሽ ዳልኬ የገሱባ ሰው ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸው ከቁመታቸው ያጠረ። በርሜል ሲመጣ "እንግዳ ነው፣ ይረፍ" ብለው እርጥብ ጆንያ ያለብሱታል፤ እስከ ማግስቱ ድረስ ማንም አይነካውም። ሲቀዱ ሰላምታ አይመልሱም። አንድ ጊዜ የከተማው ሹም ገብተው "ጋሽ ዳልኬ፣ ጤና ይስጥልኝ!" ቢሏቸው፣ እጃቸው ቧንቧው ላይ፣ ዓይናቸው ብርጭቆው ላይ እንዳለ ዝም አሉ። ጃምቦው ከሞላ በኋላ ዞረው "አብሮ ይስጥልኝ" አሉ፤ ሹሙ ግን ሄደው ተቀምጠው ነበር። ብርጭቆውን ወደ ጎን ያጋድሉታል፣ ቢራው በግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ግማሽ ሲደርስ ቀስ ብለው ቀና ያደርጉታል። ጃምቦዎቹን ራሳቸው ናቸው የሚያጥቡት፤ ለዚሁ ብቻ የተለየች ሰማያዊ ባልዲ ነበረቻቸው። ለደንበኛውም ከጃምቦው በፊት ሶፍት ያቀብሉታል። ጨዋነት ነው ብዬ አለፍኩት።

ዋናው ትምህርታቸው ግን አረፋ ነበር። አረፋ በጣት ይለካል። ጋሽ ዳልኬ አንድ ቀን ጣቶቻቸውን ጃምቦው ጎን አስደግፈው እንዲህ አሉኝ፦

"ሁለት ጣት ለጤነኛ። ሦስት ጣት ለሚዘፍን። አራት ጣት ለሚያለቅስ።"

"የሚጣላውስ?"

"እሱን እትዬ አስቴር ያስወጡታል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃምቦው ያው ጃምቦ ነው፤ አረፋው በጨመረ ቁጥር ቢራው ይቀንሳል። ሰውየው ሲዘፍን አንድ ጣት ቢራ ትሰርቀዋለህ፣ ሲያለቅስ ሁለት። ቤቱ ሲደርስ በሩን ራሱ ይከፍታል። "ይሄ ማጭበርበር አይሆንም ወይ፣ ጋሽ ዳልኬ?" አልኳቸው። "አረፋ ማለት ለሰውየው የምታዝንለት መጠን ነው" አሉኝ። ይህን ያህል ረጅም ነገር ሲናገሩ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋቸው።

መሠረት መጠጥ ቤት መሥራቴን የተቀበለችው በአንድ ውል ነው። "በርሜሉ በተከፈተ ቁጥር ትጸልይበታለህ" አለችኝ። ተስማማሁ። በርሜል ስከፍት ዓይኔን ጨፍኜ "ጌታ ሆይ፣ ይህን የሚጠጣ ሁሉ በሰላም ቤቱ ይግባ" እላለሁ። ደንበኞች ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው "ፓስተር" የሚል ስም አወጡልኝ። "ፓስተር፣ አንድ ጃምቦ!" ሲባል የሰማ የሰፈራችን ወንጌላዊ አንድ ጊዜ ከመንገድ ላይ ዞሮ ገብቶ ነበር፤ ማን እንደተጠራ ሲያይ ደንግጦ ወጣ።

እንዲህ ስንኖር ያ ጊፋታ መጣ።

ጊፋታ ዘመን መለወጫችን ነው፤ በመስቀል ሰሞን ይውላል። ወንዱ ለበሬው ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ሴቷ ደግሞ ቅቤ። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ቅቤ በአንድ ሳምንት ይወጣል፤ ሥጋው ላይ፣ ሙቹዋው ላይ፣ ጸጉር ላይ። በቅቤ የታሸውን የቆጮ ሙቹዋ ስትጎርስ ቅቤው በክርንህ በኩል ካልወረደ አስተናጋጇ ታፍራለች። እኛ ደግሞ በዚያ ዓመት ሌላ ጣጣ ነበረብን። መናኸሪያው አጠገብ አዲስ ላውንጅ ተከፍቷል፤ የድራፍት ማሽን ይፈልጋል። ማሽኑ የእትዬ አስቴር ሳይሆን የቢራ ፋብሪካው ነው፤ በውሰት ነው የምንሠራበት። የፋብሪካው ወኪል አቶ ግርማ መጥተው "ከጊፋታ በኋላ ሰኞ እመጣለሁ። ሥራችሁ ጥሩ ከሆነ ይቆያል፤ ቅሬታ ከሰማሁ ወደ ላውንጁ ይሄዳል" ብለው ሄዱ። እትዬ አስቴር ወደ እኔ ዞረው "ማሽኑ ከሄደ ጠርሙስ ነው የምሸጠው፣ አብርሃም። ለጠርሙስ ቀጂ አያስፈልግም" አሉኝ። ልጆቼ ያኔ ትምህርት ቤት ናቸው። እንቅልፍ አጣሁ።

እትዬ አስቴር ላውንጁን ለመብለጥ በዚያው ሳምንት ሥጋና ሙቹዋ ማቅረብ ጀመሩ። ጋሽ ዳልኬ ደግሞ ልጃቸው ስለወለደች፣ እኔ ካወቅኳቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጊፋታን ቤታቸው ሊውሉ ገሱባ ሄዱ። ቧንቧው ለብቻዬ ቀረ።

የመጀመሪያውን ጃምቦ ቀዳሁ። አረፋው ወጣ፣ ሁለት ጣት ሆነ፣ ከዚያ ዓይኔ እያየ ፍሽሽ ብሎ ጠፋ። ሌላ ቀዳሁ፤ ጠፋ። ደንበኞች ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ እያነሱ ያዩት ጀመር። ከዳሞት ወይዴ የመጡ አንድ አዛውንት ጃምቧቸውን ይዘው መጡና "ልጄ፣ ይቺ ቢራ ሞታለች። መቼ ነው የሞተችው?" አሉኝ፤ ልክ የዘመድ መርዶ እንደሰማ ሰው።

መምህር ላሊሶ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ፣ የዘወትር ደንበኛችን፣ ከጥግ ተነሥቶ ቆመ። "ጎበዝ፣ እኔ ነገሩ ገብቶኛል!" አለ። "ጌታ በቃና ውሃውን ወይን አደረገ። ፓስተር በሶዶ ቢራውን ውሃ አደረገ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ግን በርሜሉ ላይ ጸልያለሁ። እውነት ጸሎቱ ቢሆንስ?

ያን ሳምንት ያልሞከርኩት የለም። ጋዙን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ። በርሜል ቀየርኩ። ማሽኑን ፈትቼ አጠብኩና ስገጥመው አንዲት የጎማ ቀለበት ተረፈችኝ። የት እንደነበረች እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ያለሷ ቢከፈት ግን ቢራው በእትዬ አስቴር የበዓል ቀሚስ ላይ ነው ያረፈው። ፋብሪካውን ሰደብኩ። በመጨረሻ አንዱን በርሜል ሳልጸልይ ከፈትኩት፤ መሠረትን ፈርቼ በሆዴ "ይቅር በለኝ" እያልኩ። የዚያም አረፋ ጠፋ። ጸሎቱ ካለፈው በርሜል የተረፈ ይሆን እንዴ ብዬ እስከማሰብ ደረስኩ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። አረፋ ስለሌለ ጃምቦው እስከ አፉ ድረስ ቢራ ነው። ለዘፋኙም ለአልቃሹም አንድ ዓይነት ሆነ፤ የምቀንስበት ጣት አጣሁ። ሰዉ "ሞቷል" እያለ ይጠጣዋል፤ ስለሞተም በቁጭት ይደግመዋል። እንደዚያ ሳምንት ሰው ሲሰክር አይቼ አላውቅም። መምህር ላሊሶ በቃናው ቀልዱ እየሳቀ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ወደቀና እጁ ተሰበረ። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቀው "ፓስተር፣ በአንተ አልፈርድም፤ ቦዩ ነው የገፋኝ" አለኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የጸለይኩት እኮ በሰላም እንዲገባ ነበር።

ወሬው ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ሌላ መልክ ይዟል። ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሳሙኤል ቤቴ መጡ። ገና ሳይቀመጡ አቀፉኝ። "ወንድም አብርሃም፣ ጌታ ሥራውን ጀምሯል! ያ ቤት ሊዘጋ ነው አሉ። ነገ ቆመህ ትመሰክራለህ።"

"ጋሽ ሳሙኤል፣ ቤቱ ከተዘጋ እኔም እዘጋለሁ" አልኳቸው።

"ጌታ ሌላ በር ይከፍታል።"

መሠረት ውሃ እያቀረበች ነበር። "የትኛውን በር እንደሆነ ቢነግረን ጥሩ ነበር" አለች በቀስታ። እሳቸው ግን አልሰሙም፤ ደስታቸው ጆሯቸውን ደፍኖታል።

እሁድ ጠዋት ቆምኩ። ሰዉ ሃሌ ሉያ እያለ ነው፤ ኪቦርድ የሚመታው ወንድማችን ገና አፌን ሳልከፍት የድል ዜማ ጀመረ። ማይኩን ያዝኩና እንዲህ አልኩ፦

"ወገኖቼ፣ ይህ ተአምር ከሆነ የጌታ አይመስለኝም።"

ኪቦርዱ ቆመ።

የቀረውን እንደመጣልኝ ተናገርኩት። በርሜሉ ላይ ምን ብዬ እንደምጸልይ ነገርኳቸው። የጣቶቹን ነገር ነገርኳቸው፤ ሁለት ለጤነኛ፣ ሦስት ለሚዘፍን፣ አራት ለሚያለቅስ። አረፋው ከጠፋ ወዲህ ስንቱ እየተደናቀፈ እንደወጣ፣ የመምህር ላሊሶን እጅ ነገርኳቸው። "ነገ ሰኞ ማሽኑን ሊወስዱት ይመጣሉ" አልኩ። "ማሽኑ ሲሄድ ሰዉ መጠጣቱን አይተውም፤ ከጠርሙስ ይጠጣል። ጠርሙስ ላይ ማንም አያዝንለትም።" ከዚያ የምለው አለቀብኝ።

ጋሽ ሳሙኤል ፊት ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ተነሡና "ያ የጣቱን ነገር እስቲ ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። ጥቂት አሰቡ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ።

"ጌታ ሆይ" አሉ፣ "አንተ ሁሉን ታውቃለህ። እኛ መጠጥ አንወድም። አንተም አትወድም። ግን... አረፋውን መልስ።"

አንድ የዋህ ወጣት ከኋላ በኩል ሳቅ አመለጠው። "አሜን" የሚለው ድምፅ መጀመሪያ የመጣው ከእናቶች ወንበር ነው። አንዲት እናት አለች፣ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ከዚያ ያ ወገን በሙሉ። ሶዶ ውስጥ ቢራ ቀምሶ የማያውቅ ጉባኤ ለቢራ አረፋ ሲጸልይ ቆሜ አየሁ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

ሰኞ አቶ ግርማ በፒካፕ፣ ከሁለት ብሎን ፈቺዎች ጋር መጡ። ቁርስ በልተው ነው የመጡት፤ ደስ ብሏቸዋል። "እስቲ ቅዳልኝ" አሉ። ቀዳሁ። ጠጡ። አረፋው አፋቸው ሲነካው ፍሽሽ አለ። "በቃ፣ አብርሃም፣ አዝናለሁ" ብለው ለሰዎቹ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። አንደኛው የማሽኑን ጎን መፍታት ጀመረ። እትዬ አስቴር ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

በዚህ መሀል ጋሽ ዳልኬ ገቡ። ከገሱባ ሚኒባስ መውረዳቸው ነው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። "ሳሮ" ብለው ሰላም አሉን። ወዲያው ቤቱን ዞር ብለው አዩና ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን ስለ ማሽኑ አይደለም። "ባልዲዬ የት ናት?"

ባልዲዋ ወጥ ቤት ተገኘች። የሙቹዋ ሳህን ተዘፍዝፎባታል፤ ከላይ ቢጫ ቅቤ ተንሳፏል፤ ከቅቤው መሀል ጃምቦዎቼ አንገታቸውን ብቅ ብቅ አድርገዋል። ጋሽ ዳልኬ አንዱን ጃምቦ አወጡ፣ በጨው አሹት፣ ንጹሕ ውሃ አመጡና አለቀለቁት። እያጉረመረሙ ቀዱ። ከመስጠታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ሶፍት አወጡ።

"አፍዎን ይጥረጉ፣ ጌታዬ።"

አቶ ግርማ ጠረጉ። ሶፍቱ ቢጫ ሆነ፤ ቁርሳቸው ለካ ክትፎ ነው። ከዚያ ጠጡ። አረፋው ቆመ። ሁለት ጣት፣ ድርቅ ብሎ። አስቀመጡት፤ ቆመ። ጎንበስ ብለው ከጎን አዩት፤ አሁንም አለ። እትዬ አስቴር ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ወጥ ሠሪዋ ልትሞክር ብላ ቅቤ የነካ ጣቷን አረፋው ላይ ነካ ብታደርግ እንደ ተወጋ ፊኛ ተንፍሶ ጠፋ። ብሎን ፈቺው ፍታ የተባለውን ብሎን ሳይነገረው መልሶ አጠበቀው።

"ቅቤ!" አሉ አቶ ግርማ ጭንቅላታቸውን ይዘው። "ስልጠና ላይ ነግረውን ነበር እኮ! ቅባት አረፋ ይገድላል ብለውናል፤ እኔ ያን ቀን ምሳ እያሰብኩ ነበር።"

"እርስዎ ግን ያውቁ ነበር፣ ጋሽ ዳልኬ?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቄ?" አሉ። "አፉን ሳይጠርግ የሚጠጣ ሰው ስለማልወድ ነው።"

ማሽኑ ቀረ። ላውንጁ በጠርሙስ ቀጠለ። ቤተ ክርስቲያናችን ጸሎቱ መለሰው ትላለች፤ እትዬ አስቴር ጨው ነው ይላሉ፤ ጋሽ ዳልኬ እስኪሞቱ ድረስ ባልዲዋ ናት ሲሉ ኖሩ። እኔ ከሦስቱም ጋር ስማማ ኖርኩ፤ ቀጂ ከማንም ጋር አይጣላም።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሳሙኤል መጡ። ውስጥ አልገቡም፤ የውጭው በር ላይ ቆመው በሰው አስጠሩኝ። ሽርጤን እየፈታሁ ወጣሁ።

"አረፋው ተመለሰ?"

"ተመልሷል፣ ጋሽ ሳሙኤል።"

"ጌታ ይመስገን" አሉ። ግን አልሄዱም። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁት፣ የሚያልፈውን ባጃጅ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የእኔ ማቲዎስ እዚህ ይመጣል፤ አውቃለሁ" አሉ።

የቀጂ አፍ የተዘጋ ነው።

"አትንገረኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልጄ ይዘፍናል፣ ወይስ ያለቅሳል?"

ልዋሽ አሰብኩ፤ ዓይናቸውን ሳይ አልቻልኩም። "ያለቅሳል" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው አምስት አድርግለት" አሉና ሄዱ።

አመሻሽ ላይ ማቲዎስ መጥቶ የተለመደ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሶፍት ሰጠሁት፣ አምስት ጣት ቀዳሁለት። ጃምቦውን አንስቶ አየው፤ የጣቶቹን ሒሳብ ከእሁድ ወዲህ ያልሰማ የለም። እኔን አየኝ።

"አባቴ መጥቶ ነበር?" አለኝ።

ቧንቧውን በጨርቅ ወለወልኩ። አረፋው እስኪወርድ ጠበቀ፣ ከሥር ያለችውን ጠጣት፣ ሁለተኛ ሳያዝ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።